«ይመቻል» ማለት ምን ያህል ይታመናል? የሯጭ እግር ስለ ጫማ የሚሰጠው ምስክርነት

ከሚሴ፦ በኦሮሞ ብሔረሰብ አሥተዳደር ያሉ ገበያዎች፣ የሰኞው ባቲም ኾነ የእሑዱ ሰንበቴ፣ ከሚዛን ይልቅ እጅና ዐይን የሚታመኑባቸው ናቸው። ፍየል ገዢው የፍየሏን ሽንጥ በመዳፉ ዳብሶ ሥጋዋን ይገምታል፤ ማሽላ ገዢው እፍኝ ዘግኖ፣ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቱን ያውቃል። ልባሽ ጫማ ከተደረደረበት ሸራ ፊት የቆመ ወጣት ሯጭም ከዚሁ ልማድ አይወጣም። ሶሉን በአውራ ጣቱ ጫን ያደርጋል፤ ጫማውን አጠፍ ዘርጋ አድርጎ ያያል፤ ያጠልቀውና በቆመበት ኹለት ሦስት ጊዜ ይዘላል። «ይመቻል» ካለ በኋላ የሚቀረው የዋጋ ክርክር ብቻ ነው።

ይህች አንዲት ቃል የምትሸከመው ነገር ቀላል አይደለም። ለገጠር ቤተሰብ የመሮጫ ጫማ ከጎተራ ወይም ከበረት የሚወጣ ወጪ ነው። ልባሽ ሲኾን ከዶሮና ከእንቁላል ሽያጭ ይሸፈን ይኾናል፤ አዲስና ስም ያለው ሲኾን ግን ፍየል ያስነዳል። ጫማው ካልተስማማ ተቀብሎ ገንዘብ የሚመልስ ሻጭ እምብዛም አይገኝም። በጫማው ሰበብ ቁርጭምጭሚቱን ወይም ቅልጥሙን የታመመ ልጅ ደግሞ ከልምምዱ መቅረቱ ብቻ ሳይኾን ከእርሻ ሥራም ይጓደላል። ስለዚህ ሯጭ በእግሩ የሚሰጠው ፍርድ ምን ያህል እውነት እንደኾነ መጠየቅ ለቤተሰቡም ለአሠልጣኙም የሚገባ ጥያቄ ነው።

የዚህ ጸሐፊ መልስ እንዲህ ነው፦ እግር ስለ ሕመምና ስለ ልክ ሲናገር ሊሰማ የሚገባው ምስክር ነው። ስለ ሶሉ ውፍረት፣ ጫማው ስለ ማለቁ፣ ስለሚሰጠው ፍጥነትና ወደ ፊት ስለሚያመጣው ጉዳት ሲናገር ግን ብዙ ጊዜ ይስታል፤ በሻጭ ወሬና በስም የሚደለልበትም ጊዜ አለ። የኢትዮጵያ ሩጫ ታሪክ ለኹለቱም ገጽታዎች ምሳሌ አለው።

ከሮም እስከ ቪየና

ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በጃቶ የተወለደው ሻምበል አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም በሮም ኦሎምፒክ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ማሸነፉን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ አይገኝም። ብዙ ሰው ታሪኩን ጫማ ስለ ማጣት አድርጎ ይተርከዋል። ይሁን እንጂ ጉዳዩ ጫማ የማጣት አልነበረም፤ የቀረበለት አዲስ ጫማ ለእግሩ አልተስማማውም። በልምምድ ጊዜ በባዶ እግር መሮጥን ስለ ለመደ፣ የሚቆረቁር ጫማ አድርጎ 42 ኪሎ ሜትር ከመሄድ የለመደውን መረጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ዳግም ሲያሸንፍ፣ በሮም የፈረደው በዚያ አንድ ጫማ ላይ እንጂ በጫማ ኹሉ ላይ እንዳልነበረ ታየ። እዚህ ላይ እግሩ የተጠየቀው ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ነበር፦ «ይህ ጫማ አሁን ያመኛል ወይስ አያመኝም?»

ስልሳ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በሌላ አዲስ ዓመት ማግስት የተከሠተው ግን የተለየ ነው። መስከረም 2 ቀን 2014 ዓ.ም በተካሄደው የቪየና ማራቶን አትሌት ደራራ ሁሪሳ በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ቀድሞ ገባ። ድሉ ግን ብዙ አልቆየም፤ የጫማው ሶል ሲለካ 5 ሴንቲ ሜትር ኾኖ ተገኘ። የዓለም አትሌቲክስ በጥር 2012 ዓ.ም ባወጣው ደንብ ለጎዳና ውድድር የተፈቀደው ከፍተኛ ውፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ነው። በ3 ሰከንድ ተቀድሞ የነበረው ኬንያዊው ሊዮናርድ ላንጋት አሸናፊ ተባለ። አዘጋጆቹ እንዳስታወቁት አትሌቱ ከውድድሩ በፊት በቅጹ ያስመዘገበው ጫማ ደንቡን የሚያሟላ ነበር፤ በዕለቱ ያደረገው ግን ሌላ ነው።

አትሌቱ በዚያች ጧት በእግሩ ምን እንደተሰማው የሚያውቀው ራሱ ነው፤ ያንን መገመት የዚህ ጽሑፍ ሥራ አይደለም። ለእኛ የሚጠቅመው ነገር ሌላ ነው። ልምምድ ላይ የኖረበት ጫማ ለየትኛውም ሯጭ እጅግ ሊመቸው ይችላል፤ ምቾቱ ግን ሶሉ 4 ይኹን 5 ሴንቲ ሜትር አይነግረውም። ያ ቁጥር ከማስመሪያ እንጂ ከእግር አይጠየቅም። ለ42 ኪሎ ሜትር የፈሰሰ ላብ በአንድ ሴንቲ ሜትር ሲሰረዝ ማየት መራራ ቢኾንም፣ ስለ እግር ስሜት ወሰን ከዚህ የጎላ ማስረጃ አላውቅም።

ወሬ እግርን ሲመራው

እግር ከማስመሪያ ያነሰ መኾኑ ብቻ ቢኾን ጉዳዩ በቀላሉ በታለፈ ነበር። አሳሳቢው ሌላ ነው፤ እግር የሚሰማውን የሚተረጉመው ከሰማው ወሬ ጋር አስማምቶ ነው።

ስቲቨን ሮቢንስ እና ኤድዋርድ ዋክድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.አ.አ. በ1997 በብሪታኒያ የስፖርት ሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። 15 ጤናማ ወጣቶች በባዶ እግራቸው የአረጋገጥ ኃይልን በሚለካ ሰሌዳ ላይ እንዲረግጡ ተደረገ። ሰሌዳው የተሸፈነው ከአንድ ዓይነት የጫማ ሶል ስፖንጅ ነበር፤ የተለያየው የላይ ቀለሙና ስለ እርሱ የተነገረው ቃል ብቻ ነው። አንዱ ሽፋን «ከጉዳት የሚከላከል የረቀቀ ሥራ» ተባለ፤ ሌላው «ጉዳት ያመጣል» ተባለ፤ ስለ ሌላው ያዘነበለ ነገር አልተነገረም። ወጣቶቹ «ይከላከላል» የተባለውን በኃይል፣ «ይጎዳል» የተባለውን በጥንቃቄ ረገጡት። ስፖንጁ አንድ ኾኖ ሳለ አረጋገጣቸውን የለወጠው የተነገራቸው ቃል ነበር።

ይህን ውጤት ይዞ ወደ ገበያችን ለሚመለስ ሰው የሻጩ ንግግር ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል። «ይሄ ኦርጅናል ነው፤ አትሌቶች የሚያደርጉት ነው» የሚለው ቃል ዋጋ ከማስወደድ ያለፈ ሥራ አለው። ወጣቱ ያንን ሰምቶ ሲዘል ሶሉ የለሰለሰ ይመስለዋል፤ ሲሮጥም እግሩን ሳይቆጥብ ይጥላል። በጎኑ የታዋቂ ድርጅት ምልክት የተለጠፈበት አስመስሎ የተሠራ ጫማ ከኾነ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው፤ መከላከሉ የለም፣ መዘናጋቱ ግን አለ።

የከፍተኛ ዋጋ ጫማዎች ዝናም በዚሁ መንገድ ይሠራል። አትሌት ትዕግሥት አሰፋ መስከረም 13 ቀን 2016 ዓ.ም በበርሊን ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ያደረገችው የአዲዳስ ጫማ 138 ግራም ብቻ የሚመዝን፣ ለገበያ የቀረበውም በ500 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ ልዩ ስፖንጅና በሶሉ መካከል ስለሚቀመጠው ከካርቦን የተሠራ ስስ ሰሌዳ ያልሰማ ወጣት ሯጭ የለም ማለት ይቻላል። ቴክኖሎጂው ከንቱ አይደለም፤ እ.አ.አ. በ2017 ይፋ በኾነው የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 18 ሯጮች በናይኪ ጫማ ሲሮጡ በአማካይ 4 በመቶ ያህል ጉልበት ቆጥበዋል።

ይሁን እንጂ አማካይ የኹሉ ሰው ልክ አይደለም። እ.አ.አ. በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ሰባት የዓለም ምርጥ ኬንያውያን ሯጮችን በእነዚህ ዘመናዊ ጫማዎች ፈትኗል። ውጤቱ ከሯጭ ሯጭና ከጫማ ጫማ እጅግ ተራራቀ፤ ከተለመደው ስስ የውድድር ጫማ ጋር ሲነጻጸር በአንድ በኩል 11 ነጥብ 4 በመቶ ጥቅም፣ በሌላ በኩል 11 ነጥብ 3 በመቶ ኪሳራ ታይቷል። የአንዱ ክንፍ ለሌላው ሸክም ኾነ ማለት ነው። ልብ ሊባል የሚገባው፣ ይህ ልዩነት የተገኘው ሯጮቹ «እንዴት ነው?» ተብለው በመጠየቃቸው ሳይኾን የሚተነፍሱት አየር ተለክቶ ነው። በከሚሴ አስፓልት ላይ ጧት የሚሮጥ ወጣት ይህን መለኪያ አያገኝም፤ ያለው እግሩና ሰዓቱ ነው። ስለዚህ «ይህን ጫማ ብገዛ አራት በመቶ እፈጥናለሁ» ብሎ የቤተሰቡን ፍየል ማስሸጡ በአማካይ ቁጥር መወራረድ ነው።

ለእግር የሚቆም ክርክር

እስካሁን የተባለው እግርን ጨርሶ አትመኑ የሚል ከመሰለ ተሳስቻለሁ። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ዐይን ከእግር የማይሻልበት ጊዜ አለና።

ለረጅም ዘመን የስፖርት ጫማ ሱቆች የእግርን ቅስት አይተው «ለአንተ ይህ ነው» ይሉ ነበር። የአሜሪካ ጦር ይህን ልማድ በምድር ጦር፣ በአየር ኃይልና በባሕር ወለድ ምልምሎቹ ላይ ፈተሸው። ጫማ በእግር ቅርጽ ተመርጦ የተሰጣቸው ምልምሎች ያለ ምርጫ አንድ ዓይነት ጫማ ከተሰጣቸው ያነሰ ጉዳት አላጋጠማቸውም። በአንጻሩ በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 206 ወታደሮችን ያሳተፈ ጥናት እ.አ.አ. በ2001 አሳትመዋል። የጥናቱ ግማሽ ተሳታፊዎች ስድስት ዓይነት የጫማ ውስጥ ገበሮችን ሞክረው እያንዳንዱ ለእግሩ የተመቸውን መረጠ። አንዱ የመረጠውን ሌላው አልመረጠም፤ ኾኖም በራሳቸው ምርጫ ገበር ያደረጉት ምንም ካላደረጉት ያነሰ ጉዳት ደረሰባቸው። ከእነዚህ ተመራማሪዎች አንዱ የኾኑት ፕሮፌሰር ቤኖ ኒግ እና ባልደረቦቻቸው እ.አ.አ. በ2015 ምቾትን እንደ ወንፊት ይቁጠሩት ሲሉ ሐሳብ አቅርበዋል፤ ሯጭ በስሜቱ የሚመርጠው ጫማ ለአካሉ የማይስማማውን ያበጥርለታል የሚል ነው።

ታዲያ ኹለቱ እንዴት ይታረቃሉ? ቁልፉ ያለው በአጠያየቁ ይመስለኛል። የካልጋሪዎቹ ተመራማሪዎች ሯጭን አንድ ጊዜ አዝልለው «ይመቻል?» አላሉም። አንድ መስመር አስምረው፣ ጫፉን «ፈጽሞ አይመችም» ሌላውን ጫፍ «ከዚህ በላይ ምቾት የለም» ብለው ስሜቱን በነጥብ እንዲያመለክት አደረጉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ በየመሐሉ ወደ አንድ የታወቀ፣ የማይለወጥ ገበር ይመልሱት ነበር። የእግር ትዝታ አጭር ስለኾነ መመለሻ ነጥብ ያስፈልገዋል። ፈተናውን በተለያየ ቀን ደጋግመውም መልሱ ጸንቶ እንደኾነ አዩ። በዚህ መንገድ የተጠየቀ እግር በገበያ መሐል ከተጠየቀው እግር እጅግ የተሻለ ምስክር ነው።

ይህ ለግብርና ሰው እንግዳ አይደለም። በግብርና ኮሌጅ ሳለሁ ከተማርናቸው ክህሎቶች አንዱ የከብትን የሰውነት አቋም ከ1 እስከ 5 ነጥብ መስጠት ነበር፤ የጎድን አጥንትን፣ የወገብን ጫፍና የጭራ ሥርን በእጅ ዳብሶ ስብን መገመት። መጀመሪያ ላይ አንዲትን ላም ጧት 3 ሰጥቼ፣ ከሰዓት በኋላ ያንኑ ላም መኾኗን ሳላስተውል 2 ተኩል ሰጥቼአት ዐውቃለሁ። እጄ አልከዳኝም፤ ያሳተኝ በመካከል ያየሁት የሰባ በሬ ነው፤ ዐይኔ በእርሱ ተለክቶ ነበር። መምህራችን ያረሙን በመደጋገም፣ ኹለት ሰው ሳይነጋገር እንዲመዝን በማድረግና በመጨረሻ የደረት ዙሪያን በሜትር በማስለካት ነበር። የባቲ ፍየል ነጋዴም እጁ የሚታመነው ስለ ተወለደበት አይደለም። በየሰኞው ገምቶ፣ በየሰኞው ሸጦ፣ ግምቱ ሲስት ገንዘቡ ስለሚቀጣው ነው። ወጣት ሯጭ ግን ጫማ የሚገዛው በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በኹለት ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ከስሕተቱ ለመማር የሚያስችል ገበያ የለውም።

ቀስ እያለ የሚከሳ በሬ

እግር ፈጽሞ የማይነግረን ነገርም አለ፤ የጫማ ማለቅን። እ.አ.አ. በ1985 በአሜሪካ የታተመ የኩክ እና ባልደረቦቹ ጥናት እንዳመለከተው፣ የመሮጫ ጫማ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሮጥበት ድንጋጤ የመብረድ አቅሙ ከመጀመሪያው ወደ 75 በመቶ፣ ከ400 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ደግሞ ወደ 60 በመቶ ዝቅ ይላል። ስፖንጁ ዛሬ የተሻሻለ ቢኾንም ተፈጥሮው ያው ነው፤ በተደጋጋሚ ሲጨመቅ ይደክማል። በሳምንት 60 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ወጣት 400 ኪሎ ሜትሩን የሚደርስበት በሰባት ሳምንት ነው። ግን አይሰማውም። በሬው ቀስ እያለ ሲከሳ በየቀኑ የሚያየው ባለቤቱ እንደማይታወቀው፣ ከወር በኋላ የመጣ እንግዳ ግን «ምን ነካው?» እንደሚለው ነው።

የልባሽ ጫማ ችግርም እዚህ ላይ ነው። ላዩ ታጥቦ፣ ገመዱ ተቀይሮ ሲቀርብ አዲስ ይመስላል፤ ስፖንጁ ግን ስንት መቶ ኪሎ ሜትር እንደተረገጠ አይናገርም፤ በቀድሞ ባለቤቱ አረጋገጥም ወደ አንድ ወገን ተጋድሞ ሊኾን ይችላል። ጫማውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ከኋላ ማየት፣ ተረከዙ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያዘነበለ እንደኾነ መለየት ከመዝለል የበለጠ ይነግራል። በስፖንጁ ጎን ላይ የተጠላለፉ ጥልቅ ሽብሽቦች ካሉ ጫማው ሥራውን ጨርሷል።

የስፖንጁ ልስላሴ ግድ አይሰጥም ለሚል ደግሞ የሉክሰምበርጉ ጥናት መልስ አለው። እ.አ.አ. በ2020 በታተመው በዚህ ጥናት 848 ሯጮች በውጭ መልካቸው የማይለዩ፣ በስፖንጃቸው ግን አንዱ ለስላሳ ሌላው ጠንካራ የኾኑ ጫማዎችን ለስድስት ወራት ሮጡባቸው፤ የትኛው እንደደረሳቸው አልተነገራቸውም። ጠንካራው የደረሳቸው አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ለጉዳት ተጋለጡ። የገረመኝ ደግሞ ለስላሳው ጎልቶ የጠቀመው ከባዶቹን ሳይኾን ክብደታቸው ቀለል ያሉትን መኾኑ ነው። የእኛ ሯጮች አብዛኞቹ ቀጫጭን ስለኾኑ «እኔ ቀላል ነኝ፤ ያለቀ ሶልም ይበቃኛል» የሚለው አባባል ማስረጃ የለውም።

የከሚሴ ሙቀትና የደብረ ብርሃን ብርድ

ከሚሴ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። በዚህ አካባቢ የሚለማመድ ሯጭ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚያልፈው አስፓልት፣ በጨፋ ሜዳ ጥቁር አፈርና በኮረብታው ድንጋያማ መንገድ ላይ ይሮጣል። አንድ ጫማ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት ስሜት አይሰጥም፤ በሰንበቴ ገበያ አቧራ ላይ የተሞከረ ጫማ ስለ አስፓልቱ የሚናገረው ጥቂት ነው።

ሙቀቱ ራሱ ያሳስታል። የመሮጫ ጫማ ስፖንጅ በሙቀት ይለሰልሳል፤ በብርድ ይጠጥራል። በቀትር ፀሐይ ሸራ ላይ ሲግል የዋለ ጫማ በአውራ ጣት ሲጫን እንደ ቅቤ ይገባል። ያንኑ ጫማ 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን ውርጭ በጣለበት ጧት የሚወዳደርበት ሯጭ ሌላ ጫማ ያደረገ ሊመስለው ይችላል። እግርም በበኩሉ በሙቀትና በድካም ያብጣል፤ ጧት በልኩ የነበረ ጫማ ከረጅም ሩጫ በኋላ ጣትን ይጨምቃል፣ ጥፍር ያጠቁራል፣ ውኃ ያስቋጥራል። ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ በሚሮጡበት ካልሲ፣ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ክፍት ትቶ መግዛት የሚመከረው ለዚህ ነው።

ምን ይደረግ?

ቤተ ሙከራ ባይኖርም የእግርን ምስክርነት ማጥራት ይቻላል። ኹለት ጫማ ለመምረጥ የፈለገ ሯጭ ጓደኛውን ይያዝ። «ዘውድ ወይስ ጎፈር» ተብሎ ሳንቲም ይወርወር፤ በወጣው መሠረት ጓደኛው አንዱን ጫማ፣ ሯጩ ዐይኑን እንደጨፈነ፣ ያጠልቅለት። ከዚያ ወደ እግሩ ሳያይ በለመደው ደልዳላ መንገድ ላይ መቶ ሜትር ያህል ቀስ ብሎ ይሩጥ፤ ኹለተኛውንም እንዲሁ። «የቀደመው ወይስ የኋለኛው?» ተብሎ የመረጠው ይጻፍ። ይህ ስድስት ጊዜ ይደገም። ስድስቱንም ጊዜ ያንኑ ጫማ ከመረጠ እግሩ በእርግጥ የለየው ነገር አለ፤ በግምት ብቻ እንዲህ የሚኾንበት ዕድል ከ32 አንድ ነውና። አራት ለኹለት ወይም ሦስት ለሦስት ከወጣ ግን ልዩነቱን አላወቀውም፤ ርካሹን ይግዛ፣ ቀሪውን ገንዘብ ለምግቡ ያውል። አሮጌ ጫማውን ይዞ መሄድና በየመሐሉ ወደ እርሱ መመለስም የካልጋሪዎቹን ዘዴ ያለ ወጪ መጠቀም ነው። ሻጩ ይህን ኹሉ ይታገሣል ወይ የሚል ይኖራል። ፍየል ሲሸጥ ገዢው ጥርሷን፣ ጡቷንና እግሯን አገላብጦ እስኪጨርስ የሚታገሥ ገበያ፣ አንድ ሺህ ኹለት መቶ ሜትር የሚሮጥን ልጅ ቢታገሥ አይገርምም።

የሮጡበትን ኪሎ ሜትር በደብተር መመዝገብ ደግሞ እግር የማይነግረውን ይነግራል። የተገዛበት ቀን፣ በየሳምንቱ የተሮጠው፣ ሕመም የተሰማበት ቦታ ይጻፍ። አሠልጣኙ ደብተሩን ገልጦ «ይህ ጫማ 600 ደርሷል» ሊል የሚችለው ያኔ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ኃላፊነት ግን የተቋማት ነው። ትምህርት ቤቶችና የወረዳ ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ለውድድር ጫማ ሲገዙ፣ ኮሚቴ ናሙና በእጁ ጨብጦ «ጥሩ ነው» ብሎ የሚያጸድቅበት አሠራር ሊቀር ይገባል። ናሙናው ከመጽደቁ በፊት የሚሮጡበት ልጆች ቢያንስ ኹለት የተለያዩ ቀናት ይሩጡበት፤ መልሳቸውን እርስ በርስ ሳይሰማሙ ለየብቻ ይስጡ። አንድ ዓይነት ጫማ ለኹሉም ከመግዛት ኹለት ወይም ሦስት ዓይነት አቅርቦ ማስመረጥ፣ የ206ቱ ወታደሮች የገበር ጥናት እንደሚጠቁመው፣ ከጉዳት ሊያድን ይችላል። በውሉ ውስጥ ቁጥር ያልገጠመውን የመለወጥ ግዴታ ማስገባትም አንድ መስመር ብቻ የሚጠይቅ ነው።

የውፍረቱ ጉዳይ ደግሞ ለነገ የሚባል አይደለም። ከጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም ጀምሮ በመም ላይ ለሚደረጉ ውድድሮች የተፈቀደው የሶል ውፍረት 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ለጎዳና የሚፈቀደው 4 ሴንቲ ሜትር ጫማ በመም ላይ አይሠራም ማለት ነው። ከውጭ በስጦታ የመጣ፣ ለልምምድ ብቻ የተሠራ ወፍራም ጫማ ያለው ልጅ ይህን ላያውቅ ይችላል። ከውጭ በማስመሪያ መለካትም ያሳስታል፤ የስፖንጁ ጎን እግርን አቅፎ ወደ ላይ ስለሚወጣ እግሩ ከሚያርፍበት ከፍታ በላይ ያሳያል። ደንቡ የሚለካው እግር ከሚያርፍበት ከውስጥ ገበሩ ጀምሮ እስከ ታችኛው ጎማ ድረስ ነው። የዓለም አትሌቲክስ የተፈቀዱ ጫማዎችን ዝርዝር በስማቸው ያወጣል። የዞኑ አሠልጣኞች ዝርዝሩን አትመው ቢይዙና ከእያንዳንዱ ውድድር በፊት በነበረው ቀን የልጆቹን ጫማ ስም ከዝርዝሩ ጋር ቢያስተያዩ፣ ሥራው ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።